ስፒከሩ ላይ 1200 ዋት ስለተጻፈ 2000 ዋት አምፕ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ባለ 12 ኢንች የመኪና ስፒከር ገዝቼ ሳጥኑን ራሴ በኤምዲኤፍ ሠራሁለት። ሳጥኑ የአየር ቱቦ አለው። ስፒከሩ ላይ 1200 ዋት ይላል። ባለ ሁለት ኮይል ነው፣ እያንዳንዱ 4 ኦም። ለጊዜው 300 ዋት ናት የተባለች ትንሽ ክላስ ዲ ቦርድ በላፕቶፕ ቻርጀር አስነስቼ እየተጠቀምኩ ነው። ቤዙ ደካማ ነው። ድምፅ ስጨምር ደግሞ ቦርዷ ትግልና ብልጭ ድርግም ትላለች። ጓደኛዬ ኮይሎቹን ፓራለል ብታደርጋቸው ጉልበት ያገኛል ስላለኝ እንደዚያ አድርጌያለሁ። ሌላው ደግሞ ትንሽ አምፕ ስፒከር ያቃጥላል ይለኛል። 2000 ዋት አምፕ ልገዛ አስቤያለሁ። የመኪና አምፕ በኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ይሠራል የሚሉም አሉ። አሜሪካ ያለው አጎቴም ልላክልህ ብሎኛል። ሳሎናችን 4 በ5 ሜትር ነው። ምን ይመክሩኛል?»

2000 ዋት አያስፈልግህም። ለዚህ ስፒከርና ለዚህ ሳሎን ከ250 እስከ 400 ዋት በደንብ ይበቃል፤ ዋቱ የምር ከሆነ ማለት ነው። ጣጣው ያለው የምሩን ዋት ከወሬው መለየቱ ላይ ነው። አሁን ያለብህ ችግር ግማሹ ደግሞ አምፕ በመግዛት የሚፈታ አይመስለኝም።

ከስፒከሩ እንጀምር። በትልቁ የተጻፈው 1200 ማክስ ወይም ፒክ የሚሉት ቁጥር ነው። ለሽያጭ ነው የተጻፈው። ካርቶኑን ወይም ማግኔቱ ላይ ያለውን ተለጣፊ ገልበጥ አድርገህ እየው፤ አነስ ባለ ፊደል አርኤምኤስ የሚል ሌላ ቁጥር ታገኛለህ። 1200 የተባለ ስፒከር ላይ 300 ወይም 400 ብታይ አይግረምህ። ኮይሉ፣ ማለትም ስፒከሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል፣ ሳይቃጠል ለረጅም ጊዜ የሚሸከመው ያንን ነው። ከዚህ በኋላ የምሰጥህ ሒሳብ 300 ነው ብዬ ነው። ያንተ ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ቀይረው። አምፕ ላይ ደግሞ ፒኤምፒኦ የሚል ካየህ እንዳላየህ እለፈው። የሚለካበት ወጥ መንገድ ስለሌለው ሻጩ የፈለገውን መጻፍ ይችላል።

አሁን ወደ ቦርድህ። አንድ አምፕ ቢበዛ ስንት ዋት እንደሚሰጥ ለማወቅ ሻጩን መጠየቅ አያስፈልግህም። እንዳንተ ያሉት ክላስ ዲ ቦርዶች አብዛኞቹ በብሪጅ (ስፒከሩን ከፕላሱም ከማይነሱም በኩል እየነዱ) ስለሚሠሩ ሒሳቡ ቀላል ነው። የሚገባባቸውን ቮልት በራሱ ታባዛለህ፣ ከዚያ ለኦሙ እጥፍ ታካፍላለህ። ቻርጀርህ 19 ቮልት ነው። 19 በ19 ሲባዛ 361 ነው። ለ4 ኦም ስፒከር 361ን ለ8 አካፍል። 45 ዋት። አለቀ። 300 ዋት የተባለችው ቦርድህ በ19 ቮልት ከአንድ 4 ኦም ኮይል ላይ ከ45 ዋት በላይ ንጹሕ ድምፅ ማውጣት አትችልም። ብትምልም አትችልም። በ24 ቮልት 72 ዋት፣ በ36 ቮልት 162 ዋት፣ በ48 ቮልት 288 ዋት ነው ጣሪያው። ዋቱ የሚመጣው ከፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ቦርዱ የተሰጠውን ነው የሚያስተላልፈው። ስለዚህ ሱቅ ገብተህ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብለህ ሳይሆን «በስንት ቮልት ነው የሚሠራው? ዝቅተኛው ኦም ስንት ነው?» ብለህ ይሁን። ሻጩ ሁለቱንም ካላወቀ ወደ ቀጣዩ ሱቅ እለፍ።

ጓደኛህ ስለ ፓራለል የነገረህ ግማሹ እውነት ነው። ሁለት 4 ኦም ኮይሎች ፓራለል (ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ) ሲሆኑ 2 ኦም፣ ሲሪየስ (የአንዱ ማይነስ ከሌላው ፕላስ) ሲሆኑ 8 ኦም ይሆናሉ። ኦም ሲቀንስ አምፑ ብዙ ከረንት እንዲያወጣ ይገደዳል። የሚችል አምፕ ከሆነ ዋቱ ይጨምራል። የማይችል ከሆነ ይግላል፣ ከዚያ መከላከያው ያጠፋዋል፣ ቀዝቀዝ ሲል ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ያንተ ቦርድ ብልጭ ድርግም የምትለው በዚህ ምክንያት ነው። ቻርጀሩም የራሱ ድርሻ አለው። የተለመደው የላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት በ4.74 አምፔር ነው፤ ሲባዛ 90 ዋት። ቤዝ ሲመታ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ቆርጦ ይጠፋል። እና ዛሬውኑ ኮይሎቹን ሲሪየስ አድርጋቸው። ድምፁ ይቀንሳል፣ ቦርዱና ቻርጀሩ ግን ይተርፋሉ። አዲሱ አምፕ እስኪመጣ እንዲሁ ይቆይ።

ኮይሎቹን ስትነካ ሳይቀር የምታየው ነገር አለ። ቤዝ ደካማ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው አንዱ ኮይል ተገልብጦ መታሰሩን ነው። አንዱ ኮይል ኮኑን (የሚንቀጠቀጠውን የስፒከር ፊት) ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ከሳበው ስፒከሩ ሙቀት እንጂ ድምፅ አይሰጥም። የፈለግከውን ያህል ዋት ብትጨምር ለውጥ የለውም። መፈተኑ ቀላል ነው። ሽቦዎቹን ሁሉ ፍታ። አንድ የ1.5 ቮልት ባትሪ ያዝ። ፖዘቲቩን ከአንዱ ኮይል ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቩ ጋር ለቅጽበት አነካካው። ኮኑ ትንሽ ወደ ውጭ ብቅ ማለት አለበት። ሁለተኛውንም እንዲሁ አድርግ። አንዱ ወደ ውጭ ሌላው ወደ ውስጥ ከሄደ ምልክቱ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ባትሪው ያሳየህን እመን። በዚያው ቴስተርህን ኦም ላይ አድርገህ እያንዳንዱን ኮይል ለካ። 4 ኦም የተባለ ኮይል በቴስተር ከ3.2 እስከ 3.8 አካባቢ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። እጆችህን ኮኑ ላይ ግራና ቀኝ አድርገህ ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ ግፋው። የሚፋተግ ድምፅ ከሰማህ ኮይሉ ተበላሽቷል፣ አምፕ መግዛቱን ተወው።

ሳጥኑም ይታይ። ኮላው ያልደረሰበት ስንጥቅ ካለ አየር ያፈስሳል፣ ቤዙም አብሮ ይሄዳል። ሙዚቃው እየመታ እጅህን በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ አዟዙር፤ ንፋስ ከቱቦው ውጭ የትም ሊሰማህ አይገባም። ከዚያ ሳጥኑን ወደ ሳሎኑ ጥግ አስጠጋው። የመኪና ስፒከር የሚሠራው ጠባብ የመኪና ውስጥ ታስቦ ነው፣ እዚያ መኪናው ራሱ ቤዙን ይጨምርለታል። ሰፊ ክፍል መሀል ስታስቀምጠው ያ እገዛ ይቀርበታል። ሁለት ግድግዳ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ስታደርገው የተወሰነው ይመለሳል። ብዙ ጊዜ የአምፕን ዋት እጥፍ ከማድረግ በላይ ለውጥ ታያለህ፤ ዋጋው ደግሞ ሶፋውን ማንቀሳቀስ ነው።

«የአምፕን ዋት እጥፍ ማድረግ» ማለት ምን ያህል እንደሆነ ላስረዳህ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፅ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። 3 ዴሲቤል ልዩነቱ ይሰማል እንጂ ጎረቤት አያስወጣም። ጆሯችን «እጥፍ ሆነ» የሚለው 10 ዴሲቤል አካባቢ ሲጨምር ነው። ለዚያ ደግሞ 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስፒከርህ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል ይሰጣል እንበል። በ10 ዋት 97፣ በ100 ዋት 107፣ በ300 ዋት 112 ገደማ ይደርሳል። 2000 ዋት ብትሰጠው በወረቀት 120 ይሆናል። ግን ስፒከርህ እዚያ አይደርስም። ኮይሉ ቀድሞ ይቃጠላል። እሱ ባይቃጠል እንኳ ኮኑ መንቀሳቀስ የሚችለው የተወሰነ ሚሊሜትር ነው። ድምፁ ከ40 ኸርዝ ወደ 20 ኸርዝ ሲወርድ፣ ያንኑ ያህል ለመጮህ ኮኑ 4 እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። ቦታው ሲያልቅበት «ቋ ቋ» ማለት ይጀምራል። እዚያ ላይ ተጨማሪ ዋት የሚጨምረው ጉዳት ነው። በሌላ በኩል ቦርድህ በ4 ኦም ከምትሰጠው 45 ዋት ወደ 300 ስትወጣ 8 ዴሲቤል ታገኛለህ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ገንዘብ ቢወጣለት አያስቆጭም።

ትንሽ አምፕ ስፒከር ያቃጥላል የሚለውም እንደተነገረህ አይደለም። ስፒከር ከዋት ማነስ አይቃጠልም። ቢሆንማ ኖሮ ድምፅ ቀንሰን ባዳመጥን ቁጥር ይቃጠል ነበር። ትንሽ አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሞገዱ አናት ይቆረጣል፣ ክሊፕ የሚሉት ይህንን ነው። እስከ ጥጉ ክሊፕ ያደረገ አምፕ ከተጻፈለት ንጹሕ ዋት እስከ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። 100 ዋት አምፕ 200 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። 300 አርኤምኤስ ለሚሸከም ሰብውፈር (እንዳንተ ያለ የቤዝ ስፒከር) ይህ ጭንቅ አይደለም። ሰው ግን ቤዙ ሲያንሰው ቶን ላይ ያለውን ቤዝ እስከ መጨረሻው ያዞራል፣ ስልኩ ላይ ያለውን ኢኳላይዘርም ይጨምርበታል፣ ለሰዓታትም እንደዚያው ይተወዋል። የሚያቃጥለው ያ ነው። በትልቅ አምፕ ደግሞ ያው ስህተት በደቂቃዎች ስፒከሩን ይጨርሰዋል።

አማራጮችህን እንመልከት። የመኪና አምፕ ጥሩ ጎኑ ፊልተርና መከላከያ አብሮት መምጣቱ ነው። ክፋቱ መብራቱ ላይ ነው። የምር 500 ዋት የሚሰጥ የመኪና አምፕ ከባትሪ ከ600 ዋት በላይ ይወስዳል። በ13.8 ቮልት ሲሰላ ወደ 45 አምፔር ነው። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ 12 ቮልቱ ላይ 30 አምፔር ቢሰጥ 360 ዋት ነው፣ እሱም ጤነኛ ከሆነ። ቤዝ በመታ ቁጥር ይጠፋብሃል። ባለ 48 ቮልት ቦርድ ከመግዛት የሚሻልበት መንገድ አይታየኝም። አምፑ በእጅህ ካለና በነፃ ከሆነ ብቻ ሞክረው። የመኪና ባትሪ ሳሎን ውስጥ አስቀምጦ በቻርጀር እየሞሉ መጠቀምን ግን አልመክርም፤ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው።

ጥገና ቤቶች በ5200 እና በ1943 ትራንዚስተር የሚሠሩት ባለ ትራንስፎርመር አምፕም አለ። በባለሙያ እጅ ከተሠራ ጠንካራ ነው፣ ሲበላሽም ዕቃው መርካቶ አይጠፋም። ግን አንድ ነገር ሳታረጋግጥ አትውሰድ፦ የስፒከር መከላከያ አለው ወይ? ከ35-0-35 ትራንስፎርመር የሚነሳ አምፕ ውስጥ ፕላስና ማይነስ 49 ቮልት ያህል ዲሲ አለ። አንድ ትራንዚስተር ሾርት ሲያደርግ ያ 49 ቮልት ቀጥታ ኮይልህ ላይ ይወርዳል። 3.5 ኦም ላይ ሲሰላ ወደ 700 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ነው፣ ሙዚቃ የለው፣ ማቋረጥ የለው። የቫርኒሹ ሽታ ሲሸትህ ስፒከሩ አልቆለታል። ሪሌ ያለው መከላከያ ቦርድ ይህንን ያስቀራል፤ ዋጋው ከስፒከሩ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። «አያስፈልግም፣ እኔ የሠራሁት አይበላሽም» የሚል ባለሙያ ካጋጠመህ ሌላ ፈልግ።

አጎትህ ሊልክልህ ከሆነ ከመግዛቱ በፊት የአምፑን ጀርባ ፎቶ አንስቶ ያሳይህ። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። 100–240 የሚል ከሆነ እሰየው። 115/230 የሚል ማብሪያ ካለው ዲቫይደር ላይ ከመሰካትህ በፊት ወደ 230 አዙረው። 120 ብቻ የሚል ከሆነ አይላክ። ቀናሽ ትራንስፎርመር ይገዛለታል ይሉሃል፤ ለዚህ ዋት የሚበቃው ከባድና ውድ ነው። ቮልቱ ከተስተካከለ ግን ከአሜሪካ ሊመጣ የሚገባው ለሞንታርቦ የሚሠራው የመድረክ አምፕ ነው። ለምሳሌ የክራውን ኤክስኤልኤስ 1002 በ4 ኦም በአንድ ቻናል 350 ዋት ይሰጣል። ፊልተርና ሊሚተርም (ድምፁ ከልክ እንዳያልፍ የሚገድበው) አብሮት አለ። አንዱን ቻናል ለአንዱ ኮይል ሌላውን ለሌላው ታደርገዋለህ። ለሠርግ ቤትና ለልደት ሳጥኑን ይዘህ የምትዞር ከሆነ እኔም ይህንን እመርጣለሁ። ሁለቱን ቻናል አንድ ላይ አጣምረህ ብሪጅ ግን አታድርገው። 4 ኦም ላይ ብሪጅ ሲሆን 1100 ዋት ነው፣ ለስፒከርህ ሞት ነው።

ለሳሎን ብቻ ከሆነ ምክሬ ይህ ነው፦ ቲፒኤ3255 ቺፕ ያለበት ስቴሪዮ ቦርድ፣ ከ48 ቮልት 10 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ጋር። ቺፑን የሚሠራው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ51 ቮልትና በ4 ኦም በአንድ ቻናል 315 ዋት ይላል፣ ግን ያ ድምፁ 10 በመቶ ሲበላሽ ነው። 1 በመቶ ላይ 260 ዋት ነው። አንተ በ48 ቮልት ትንሽ ታንሳለህ፤ ችግር የለውም። ከ53.5 ቮልት በላይ እንዳታስገባበት፣ ሻጩ 60 ይችላል ቢልህም። የቀኝ ቻናሉን ለአንዱ ኮይል፣ የግራውን ለሌላው አድርግ። እያንዳንዱ ቻናል 4 ኦም ብቻ ያያል፣ ማንም አይጨናነቅም። ሁለቱም ቻናል ውስጥ የሚገባው ግን አንድ ዓይነት ሞኖ ድምፅ መሆን አለበት። ከኔጋቲቭ መውጫዎቹ አንዱንም ከሌላው ወይም ከሳጥኑ ብረት ጋር አታገናኝ፤ ብሪጅ ስለሆነ ሾርት ያደርጋል። ቺፑ ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ብረት አውራ ጣት የምታህል ከሆነ ትንሽ ፋን ጨምርለት።

ከቦርዱ በፊት ፊልተር ያስፈልግሃል። ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሎው ፓሱን (ከቤዝ በላይ ያለውን ድምፅ የሚያስቀረውን) 80 ኸርዝ አካባቢ አድርገው፤ የዘፋኙ ድምፅ ከሰብውፈሩ ከተሰማህ ከፍ ብሏል። ሳጥንህ ቱቦ ስላለው ደግሞ ሰብሶኒክ ፊልተር (እጅግ ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚቆርጠው) ግዴታ ነው፣ 25 ወይም 30 ኸርዝ ላይ። ቱቦ ያለው ሳጥን ከተቃኘበት ድምፅ በታች ሲወርድ ኮኑን የሚይዝለት አየር የለም፣ ልቅ ሆኖ ይወዛወዛል። ቦታው አልቆበት የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ፕሪአምፕ ቦርድ (ከአምፑ በፊት የሚገባው) ስትገዛ ሁለቱም እንዳሉት አረጋግጥ።

220 ቮልቱን በተመለከተ፦ ፓወር ሰፕላዩ ባለ ቀዳዳ ብረት ሳጥን ከሆነ የመብራት ሽቦው የሚታሰርበት ቦታ ክፍት ነው። ሸፍነው፣ የኧርዝ ሽቦውን እሰርለት፣ ፊውዝ አድርግለት፣ ሕፃናት በማይደርሱበት አስቀምጠው። ነቅለኸውም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ቻርጅ ይዞ ይቆያል፤ ክዳኑን አትክፈት። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን አጥፋና መጥቶ እስኪረጋጋ ጠብቅ። ስታቢላይዘር ካለህ ቢያንስ 1000 ቪኤ ይሁን።

ሁሉም ታስሮ ካለቀ በኋላ ድምፁን በጆሮህ አትለካ። ስፒከሩን ፍታ። ስልክህ ላይ የ50 ኸርዝ ቶን (የሙከራ ድምፅ) ክፈት፣ ፊልተሩን እንዳለ ተወው፣ የስልኩን ድምፅ አብዝተህ በምታዳምጥበት ልክ አድርገው። ቴስተርህን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ የአንዱን ቻናል ሁለት መውጫዎች ለካ። የቦርዱን ማዞሪያ ቀስ እያልክ ጨምር፣ 24 ቮልት ሲያነብ አቁም። በ4 ኦም 24 ቮልት ማለት 144 ዋት ነው። ሁለቱ ኮይሎች ሲደመሩ 288። ሁለተኛውን ቻናል ለካ፣ እኩል መሆን አለበት። ማዞሪያው ላይ በማርከር ምልክት አድርግና ከዚያ እንዳያልፍ ለቤተሰቡ ንገር። በዚህ ልክ አምፑም ክሊፕ አያደርግም፣ ኮይሉም አይጠበስም።

እንዲህ ተስተካክሎም ቤዙ ካነሰህ ሌላ አምፕ እንዳትፈልግ። ያንኑ ዓይነት ሁለተኛ ስፒከር ግዛና ያንኑ የሚመስል ሁለተኛ ሳጥን ሥራለት፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርገህ ለእያንዳንዱ ያንኑ ዋት ስትሰጥ 6 ዴሲቤል ያህል ትጨምራለህ። በአንዱ ስፒከር ያንን ለማግኘት 1200 የምር ዋት መስጠት ነበረብህ፣ እሱ ደግሞ አይችለውም።